ምሳርና ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ

በቋንቋችን ሥልጣኑ ወሰን የሌለውን ሰው ፈላጭ ቆራጭ እንለዋለን። ቃሉ ከአፋችን ስለማይጠፋ የእንጨት ሥራ ቃል መሆኑን ከነጭራሹ ረስተነዋል። ምሳሩን ጨብጦ ግንድ ፊት የቆመ ሰው የወደደውን ይፈልጣል፤ ያልወደደውን ይቆርጣል፤ ግንዱም አቤት የሚልበት ዳኛ የለውም። ዛሬ ለዚህ ገጽ አንባብያን ታሪካቸውን ባጭሩ ልናቀርብ ያሰብናቸው ሰው በሥልጣናቸው ፈላጭ ቆራጭ የነበሩ፤ ነገር ግን የገዛ ሕዝባቸው ምሳር መናገሻ ከተማቸውን ሊያስለቅቃቸው ጥቂት የቀረው ንጉሠ ነገሥት ናቸው።

ነገሩን ከደጀን እንጀምረዋለን። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፤ ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን የጨረሰ መንገደኛ መጀመሪያ ዐረፍ የሚለው ደጀን ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የቢቸና ሜዳ ይከተላል፤ ወደ ሰሜን ሲሉም ሞጣ ይገኛል። አገሩ የጤፍ አገር ነው። በየጎጆው ዙሪያና በየማሳው ዳር ቀጥ ብሎ የቆመው ረጅም ዛፍ ግን ጥንት በዚያ ያልነበረ ባሕር ዛፍ ነው። የአገሬው አሮጌ ዛፍ፣ ጥዱና ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው፣ ተሰብስቦ የሚታየው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ምሳር ወስዶታል፤ ከቅጥሩ ውስጥ ያለውን ግዝት አትርፎታል።

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ምሳር የወንድ ልጅ ዕቃ ነው። ብረቱን ቀጥቃጭ ይሠራዋል፤ ዛቢያውን ግን ባለቤቱ ራሱ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት መርጦ ይጠርበዋል፤ ለእጁ እስኪስማማው ድረስም ይልገዋል። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲቃረብ ጠላው ከመጠመቁና እንጀራው ከመጋገሩ በፊት የሚታሰበው ማገዶ ነውና ጎረምሶች በደቦ ይጠራሉ። በዚያን ጊዜ ሥራው ጨዋታም ይሆናል። ማን ግንዱን ቀድሞ ለሁለት ከፈለው፤ ማንስ ምሳሩ ተቀርቅሮበት ሲታገል ቀረ የሚለው ጉዳይ ጠላው እየተጠጣ ይወራል። ሽልማቱ ከምስጋናና ከአንድ ዋንጫ ጠላ አያልፍም። ጉልበት ብቻ ያለው ሰው ግን በዚህ ጨዋታ አያሸንፍም። ዐዋቂው መጀመሪያ ግንዱን አገላብጦ ያያል፤ ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ ይመረምራል፤ ከአንጓው ሸሽቶ በስንጥቁ ላይ ይመታል፤ እምቢ ያለውን በሽብልቅ ያስከፍተዋል። ጎረምሳው ዐሥር ጊዜ መትቶ ያልከፈተውን ግንድ ሽማግሌው በሦስተኛው ምት ከፍቶት ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፣ በመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በልጅነታቸው የሚያውቋት አንኮበር ከወፍ ዋሻ የጥድ ደን አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚሁ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንደ ሆነ ይተረካል። ምኒልክ እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር አላደጉም ማለታችን ነው።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ተይዘው ሄዱ። ወደ ዐሥር ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ። ግዞቱ ግን የእስር ቤት ግዞት ብቻ አልነበረም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ቤት እንደ ልጅ ተይዘው ሥርዓተ መንግሥት የተማሩበት፤ እስከ መዳርም የደረሱበት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ሲያሠሩ ከሠራተኛው ጋር ወርደው በገዛ እጃቸው ድንጋይ የሚያነሡ ንጉሥ እንደ ነበሩ ይታወቃል። ምኒልክም በኋላ ዘመናቸው ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽና መንገድ ሲወጣ ከሕዝቡ ጋር ሲሸከሙ መታየታቸውን ስናስብ ልማዱን ከማን እንደ ወረሱት ለመገመት አያዳግትም። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ በአባታቸው ዙፋንም ተቀመጡ።

ከዚህ ላይ ስለ ጥንቱ መናገሻ ከተማ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ በአብዛኛው ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማው ይነሣል፤ ንጉሡ ሲሰፍር ይሰፍራል። ለዚህ ምክንያቱ ጦርነትና ግብር መሰብሰብ ብቻ ይመስለን ነበር። ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሐፊዎች አጥብቀው የሚያነሡት ሌላ ምክንያት ማገዶ ነው። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በአንድ ቦታ ሰፍሮ በየማለዳውና በየማታው እሳት ሲያነድ፤ ለዳስና ለአጥር ሲቆርጥ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው ዛፍ የሚባል አይቀርም። እንጨት ለቃሚዋ ጧት ወጥታ ማታ የማትመለስበት ቀን ሲመጣ ከተማው የሚነሣበት ቀን ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ነጋሪቱን የሚያስጐስመው ንጉሡ ቢሆንም ቀኑን የሚቈርጠው ምሳር ነበር።

ምኒልክም በሸዋ ንጉሥነታቸው ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዘዋወሩ ቆይተው በመጨረሻ እንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። ከጎጃም ጋር የተዋጉትም በዚሁ ዘመን ነው። በ1874 ዓ.ም. እንባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ማረኳቸው። ድሉ ታላቅ ነበር፤ ከድሉ በኋላ ያደረጉት ግን ለእኛ ይበልጥብናል። የተማረኩትን ንጉሥ በክብር ያዙ፤ ቊስላቸውንም አስታመሙ። ከ14 ዓመት በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ለዐድዋ ዘመቻ ከምኒልክ ጋር ሲሰለፉ ይህ ደግነት ፍሬ አላፈራም የሚል የለም።

እንጦጦ ብርዳም ነው። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው መውረድን ስለ ወደዱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። አገሪቱ በዚያን ወቅት ክፉ ቀን በተባለው ረኃብ ውስጥ ነበረች፤ ከብቱ በበሽታ አልቆ በሬ ጠፍቶ ነበር። አዲሲቱ ከተማ ግን ማደጓን አላቋረጠችም። መኳንንቱ በየሰፈራቸው ከነሎሌያቸው ገቡ፤ ነጋዴው መጣ፤ ወታደሩ መጣ። ይህ ሁሉ ሰው የሚበላውን የሚያበስለው በእንጨት ነው፤ ቤቱም ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ እንጨት ነው። የእንጦጦ ጥድ በጥቂት ዓመታት አለቀ። የመናገሻን ደን ለማትረፍ ጥበቃ እንዲደረግለት ታዘዘ፤ ለቤተ መንግሥቱ ሥራ የሚሆነውም ሳንቃ የሚመጣው ከዚያው አቅጣጫ ነበር። ጠባቂ ቢቆም ግን የራበው ምድጃ ዝም አይልም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል ነገሩን ይበልጥ አከበደው። ዓለም ኢትዮጵያን በነፃ መንግሥትነት ዐወቀ፤ የታላላቆቹ መንግሥታት መልእክተኞችም እየመጡ በአዲስ አበባ ቤት መሥራት ጀመሩ። ድንኳን ነቅሎ መሄድ ለለመደ መንግሥት ይህ አዲስ ነገር ነው። ምኒልክ ግን የአባቶቻቸውን መፍትሔ ከመሞከር አልተመለሱም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደን በሚገኝበት አካባቢ አዲስ ከተማ እንዲሠራ አዘዙ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ሥራው በትጋት ተያዘ፤ ቤተ መንግሥትም ይታነጽ ጀመር። ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ በአገሪቱ በዘመናዊ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በምሳር ምክንያት አዲስ አበባ ፈርሳ ልትቀር ነበር።

ያዳናት ምን ነበር? የውጭ አገር መልእክተኞች ገንዘብ አፍሰው የሠሩትን የድንጋይ ቤት ትተው እንደ ገና ለመሥራት አለመፈለጋቸው አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ አገሩ ወዲያ ከሩቅ፣ ከአውስትራልያ በስተ ደቡብ ካለችው ከታስማንያ ደሴትና ከአውስትራልያ ደቡብ ምሥራቅ ክፍል ነው። የፈረንሳይ ሊቅ ላቢያርዲዬር እ.ኤ.አ. በ1792 በታስማንያ ዳርቻ አግኝቶ ለሳይንስ አስተዋወቀው። የሚያስደንቀው ነገር የዛሬው የምሳር ውድድር፣ ማለት በዳኛና በሰዓት የሚደረገው የእንጨት ቈረጣ ስፖርት፣ የተወለደው በዚያችው ደሴት መሆኑ ነው። መነሻው የሁለት እንጨት ቆራጮች ውርርድ እንደ ነበረ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1891 ላትሮብ በምትባል ከተማ የምሳረኞች ማኅበር ተቋቋመ። ተወዳዳሪው ቀጥ ብሎ የተተከለውን ግንድ ከጐንና ከጐን መትቶ ይጥላል፤ በሌላው ዓይነት ደግሞ በተጋደመው ግንድ ላይ ቆሞ በእግሮቹ መካከል እየመታ ይቈርጣል። ምሳሩ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። በዚሁ ዘመን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግላድስቶን በርስታቸው ዛፍ መጣልን መዝናኛ አድርገውት ነበር፤ ከዙፋናቸው የወረዱት የጀርመኑ ቄሣር ዊልሄልም 2ኛም በሆላንድ በስደት ሳሉ እስከ ሞቱበት እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ቀናቸውን ያሳለፉት እንጨት በመቊረጥና በመፍለጥ ነው። ዛፍ የተረፈው አገር በቈረጣ ይጫወታል። በእኛ ዘንድ ግን የንጉሡ ጭንቀት ሌላ ነበር።

ምሳረኞቹ በላትሮብ ማኅበር ባቋቋሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ የዚያው ዛፍ ዘር አዲስ አበባ ደረሰ። ከታስማንያ በቀጥታ መጣ ማለታችን አይደለም፤ ዛፉ በዚያን ጊዜ በሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ሁሉ ተዛምቶ ነበር። ማስመጣቱን ብዙ ጸሐፊዎች የምኒልክ አማካሪ ለነበሩት ለፈረንሳዊው ለሞንዶን ቪዳይሌ ይሰጣሉ። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ዐይቶ ባሕር ዛፍ አለው።

የባሕር ዛፍ ጥቅም ቶሎ ማደጉ ብቻ አይደለም። ጥድ ከተቈረጠ ጉቶው ሞተ ማለት ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቊጣል። ቈራጩ ዐዋቂ ከሆነ በተሳለ ምሳር ከመሬት ጠጋ አድርጎ፤ ውሃ እንዳይቋጥር አፉን አዘንብሎ፤ ልጡ እንዳይላጥ ተጠንቅቆ ይቈርጠዋል። በክረምቱ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ባለቤቱ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን አስቀርቶ የቀረውን ይመነጥራል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ምሳሩ ይመለሳል። እንዲህ እያለ በአንድ ሰው ዕድሜ ደጋግሞ ይቈረጣል። ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ፤ ቀጭኑ ለማገር፤ መካከለኛው ለወራጅ፤ ወፍራሙ ለቋሚና ለአጣና ይሆናል፤ ከዛፉ የሚጣል የለም። ምኒልክ የአባቶቻቸው መንግሥት ሲሸሸው ለኖረው ምሳር የማያልቅ ዛፍ አቀረቡለት። ከሠሯቸው ሥራዎች መካከል ስልኩና ባቡሩ ብዙ ጊዜ ይወሳሉ፤ እኛ እንደምናየው ግን ያለዚህ ዛፍ ባቡሩ የሚደርስበት ከተማ ባልኖረም ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ እንዲታደልና ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው በግብር እንዲታገዝ አደረጉ። መኳንንቱም በየግቢያቸው ተከሉት። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ አዲስ አበባን ከሩቅ የሚያይ መንገደኛ ከተማ ሳይሆን ደን ያየ ይመስለው ጀመር። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቀርቶ በሥፍራው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይወሳ አንድ ወገን አለ። ወንዱ ቢቈርጠውም እንጨቱን ከእንጦጦ ቊልቊለት ወደ ከተማው ያወረደው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሴቶች ጀርባ ነው። ንጉሡ ከተማቸውን ማገዶ ፍለጋ ከመንከራተት ሲያድኗት እንጨት ተሸካሚዋ ከሸክሟ አልዳነችም።

ያልተወሳው ሁለተኛ ሰው ምሳሩን የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው። በጎጃምም ሆነ በሸዋ ብረት ሠሪውን ቡዳ እያሉ መሸሽ፤ ከእርሱ ጋር ላለመጋባት መማማል የቆየ ነውር ነበር። የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ የሚፈልጥበት ምሳር ከማን እጅ እንደ ወጣ እያወቀ ሠሪውን የሚንቅ ገበሬ ጉድ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ነውር የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዘዙ። ራሳቸው ሰዓትና ጠመንጃ ፈታትተው የሚመረምሩ ንጉሥ ነበሩና የእጅ ሥራ ክብር ገብቷቸዋል። አዋጁ ብርቱ ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። የሥራውን ፍሬ ተቀብሎ ሠሪውን ከማዕድ ማራቅ በእኛ ትውልድም በየገጠሩ ፈጽሞ አልጠፋም።

አዋጁ በወጣ ጊዜ ምኒልክ ጤናቸው እየታወከ ነበር። ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመሙ ጸንቶ ከአልጋ አዋላቸው፤ ሥልጣኑም ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። እርሳቸው በዚህ ሁኔታ ሳሉ ባሕር ዛፍ ሌላ ጠባዩን ማሳየት ያዘ። ከተማው ውስጥ ምንጮችና ጉድጓዶች ደረቁ፤ ዛፉ ውሃውን ይጠጣዋል የሚል አቤቱታም በዛ። በ1905 ዓ.ም. ከባሕር ዛፉ ሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀልና በምትኩ እንጆሪ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። ከተማይቱን ያዳናት ዛፍ በ20 ዓመት ውስጥ ተከሳሽ ሆነ። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። ባለ ዛፉ ሁሉ ኑሮው ከዛፉ ጋር ተሳስሯልና ምሳሩን ለሽያጭ ያነሣል እንጂ ለመንቀል አላነሣውም።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለጊዜው ተሰወረ፤ ዐፅማቸውም በኋላ በበዓታ ለማርያም በተሠራላቸው መካነ መቃብር ዐረፈ። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እርሳቸው ካለፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ዛፉ ግን ጉዞውን ቀጥሎ ዓባይን ተሻገረ። ዛሬ በደጀን፣ በቢቸናና በሞጣ ገጠር ባሕር ዛፍ የገበሬው የገንዘብ ሣጥን ነው። ልጅ ሲዳር፤ ተማሪ ወደ ከተማ ሲላክ፤ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥ ምሳር ይነሣል፤ ከጎጃምና ከአካባቢው የሚቈረጠው አጣና በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ድረስ ሲሸጥ ኖሯል። ምኒልክ ያላዩት ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባው ክስ ስለ ምንጭ ነበር፤ የጎጃሙ ስለ ጤፍ ነው። አንዱ ገበሬ በወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ሲተክል ጥላውና ሥሩ ወሰን አያውቁምና የጐረቤቱ ጤፍ ከዳር በኩል ይቀጭጫል። ባለጤፉ በጤፉ ይኖራል፤ ባለዛፉ ዛፉን ለልጁ ሠርግ አስቦታል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገሩ ለሽማግሌ ይቀርባል። ሽማግሎቹ ወሰኑ ላይ ቆመው ከዛፉ እስከ ቀጨጨው ጤፍ ድረስ በእርምጃ ይለካሉ። ዛፉ ለአቅመ ሽያጭ ከደረሰ እንዲቈረጥ፤ ካልደረሰ ባለቤቱ በሁለቱ መካከል ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ወደ ጐረቤቱ የተሻገረውን ሥር በምሳር እንዲበጥስ ይፈርዳሉ፤ ቦዩም በየዓመቱ ከክረምት በፊት እንዲጠረግ ዋስ ያስጠራሉ።